ዜማው የሚያወጣውና ዜማው የሚሸፍነው፦ በጅቡቲ ከተማ ለሕፃናት ስምን በመዝሙር ስለማስተማር የቀረበ ሒስ

1. መነሻ

ሕፃን ልጅ የነገሮችን ስም ከዜማ ጋር ቢማር ቶሎ ይይዘዋል የሚለው አስተሳሰብ በመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ዘንድ ብዙ ክርክር አያስነሳም። ልጁ የመማር ፍላጎቱ ከእኩዮቹ የተለየ ሲሆን፣ ኦቲዝም ያለበት፣ የቋንቋ ዕድገቱ የዘገየ ወይም መስማት የሚቸግረው ሲሆን፣ አስተሳሰቡ ይበልጥ ይጠነክራል። በሙያው ጽሑፎች የተለመደው አሠራርም ቀላል ነው። የሥዕል ካርድ ይቀርባል፤ የሥዕሉን ስም የያዘ አጭር መዝሙር ይዘመራል፤ ልጁ ስሙን ሲሰማ ተገቢውን ሥዕል ይነካል ወይም ያነሣል። ሥዕሉን ካነሣ ስሙን ለይቷል ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አሠራሩን ማጣጣል አይደለም። ጥያቄው አሠራሩ የቆመበት አንድ ያልተመረመረ እምነት ነው። እምነቱ ዜማ ለቃል ገለልተኛ መያዣ ነው፣ ማናቸውም ስም በማናቸውም ዜማ ሊቀርብ ይችላል ይላል። ይህ እምነት የተወለደው በአመዛኙ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በተሠሩ ጥናቶች ውስጥ ነው። በጅቡቲ ከተማ ግን አብዛኞቹ ሕፃናት ከቤታቸው ይዘው የሚመጡት ሶማሊኛን ወይም ዐፋርኛን ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች የድምፅ ከፍታ የስም ሰዋስው አካል ነው። ስለዚህ ለፓሪስ ወይም ለብሪስበን ልጅ ጌጥ የሆነው ዜማ ለጅቡቲው ልጅ የስሙን ጾታ፣ ቁጥር፣ አልፎ አልፎም ፍቺውን ሊለውጥበት ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሶማሊኛና የዐፋርኛ ምሳሌዎች በፊደል የተጻፉ ሲሆን የከፍታው ቦታ በቃል ተገልጿል።

2. ማስረጃው እስከ የት ይሄዳል?

ዜማ ለቋንቋ ትምህርት ይረዳል የሚለው አሳብ ያለ መሠረት የቆመ አይደለም። ዳንየል ሾንና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አዋቂዎች የማያውቁትን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ሲሰሙ፣ በተዘመረው ቃልን ከቃል መለየት ከተነገረው ይልቅ ቀሏቸዋል። ነገር ግን በጥናቱ ውስጥ አንድ ቁልፍ ዝርዝር አለ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው እያንዳንዱ ቀለም ሁልጊዜ ከአንድ የዜማ ከፍታ ጋር ሲጣመር ነበር። ጥምረቱ ሲለዋወጥ ጥቅሙ ቀነሰ። ይህም ዜማ የሚረዳው ከቃሉ ጋር ጸንቶ ሲተሳሰር እንደሆነ ያመለክታል። ዋንዳ ዋላስ ቀደም ብላ በ1994 ያሳየችውም ተመሳሳይ ገደብ ነው፤ ዜማ ቃላትን ለማስታወስ የሚያግዘው በስንኞች ላይ ተደጋግሞ ዜማው ራሱ ሲለመድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የተሰማ ዜማ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ልዩ የመማር ፍላጎት ባላቸው ልጆች ላይ የተሠሩት ጥናቶችም ጥንቃቄን ያስተምራሉ። ሃዮ ሊም በ2010 ባሳተመችው ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው 50 ሕፃናት በሦስት ተከፍለው አንዱ ክፍል ቃላትን በመዝሙር፣ ሌላው በንግግር ሲለማመድ ሦስተኛው ያለ ልምምድ ቆየ። ሁለቱ የተለማመዱት ክፍሎች ካልተለማመደው በልጠው ተገኙ። መዝሙር ሠርቷል፤ ንግግርም ሠርቷል። በአውስትራሊያ ኬት ሲምፕሰንና ዴብ ኪን በ2011 ያወጡት የጥናቶች ቅኝት ደግሞ መዝሙር ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የአጭር ጊዜ ውጤት እንዳለው፣ የተማሩትን ወደ ሌላ ሁኔታ ማሻገራቸውን የሚያረጋግጠው ማስረጃ ግን ውስን እንደሆነ ደምድሟል። በ2017 የታተመውና በ9 አገሮች 364 ሕፃናትን ያሳተፈው ትልቅ ጥናት በበኩሉ የሙዚቃ ሕክምና በመደበኛው እንክብካቤ ላይ ሲታከል የኦቲዝሙን ምልክቶች ክብደት እንዳልቀነሰ ዘግቧል። ይህ የመጨረሻው ስለ ስም ትምህርት አልጠየቀም፤ ይሁን እንጂ ሙዚቃ በራሱ መድኃኒት ነው ለሚል ሁሉ ማሳሰቢያ ነው።

ከነዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ትኩረት፣ መማርና ማሻገር ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ልጁ ሲዘመርለት ዐይኑን ከካርዱ ላይ አለማንሣቱ ትኩረት ነው። ስሙን በዜማው ውስጥ ሰምቶ ሥዕሉን መምረጡ መማር ሊሆን ይችላል። ያንኑ ስም ነገ እናቱ በገበያ በተራ ንግግር ስትጠራው ማወቁ ግን ማሻገር ነው፤ የትምህርቱም ዓላማ ይኸው ሦስተኛው ነው። በቋንቋ ዝርዝር የሚጀመረው ሒስ ቦታው እዚህ ላይ ነው። የተዘመረው ስምና የተነገረው ስም በከፍታ፣ በርዝመትና በቦታ የማይመሳሰሉ ከሆነ ልጁ የሚያሻግረው ነገር የለውም።

3. ከፍታ የስም አካል ሲሆን

በሶማሊኛ «ኢናን» የሚለው ቃል ከፍታው በመጀመሪያው ቀለም ላይ ሲውል «ወንድ ልጅ»፣ በመጨረሻው ላይ ሲውል «ልጃገረድ» ነው። «ደሜር» በተመሳሳይ መንገድ ወንዱንና ሴቷን አህያ ይለያል፤ እዚህ ልዩነቱ በአንዱ ረጅም አናባቢ ውስጥ ነው፤ ከፍታው በአናባቢው መጀመሪያ ላይ ከሆነ ወንድ፣ በመጨረሻው ላይ ከሆነ ሴት። «ዲቢ» ከፍታው ሲቀድም አንድ በሬ፣ ሲዘገይ በሬዎች። «ቤር» ድምፁ ከፍ ብሎ ተነሥቶ ሲወርድ «ጉበት»፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ሲወጣ «እርሻ» ነው። አንጄየቭስኪ በ1964 ስለ ሶማሊኛ ስሞች እርባታ ካሳተመው ሥራ ጀምሮ እስከ ላሪ ሃይማንና ጆርጆ ባንቲ ትንታኔዎች ድረስ ጉዳዩ ለሥነ ልሳን አዲስ አይደለም። በአጭሩ አጠቃላዩ ዝንባሌ የተባዕት ስም ከፍታ ከመጨረሻው በፊት ባለው የቆይታ ልክ ላይ፣ የአንስት ስም ከፍታ በመጨረሻው ላይ መዋሉ ነው። ስሙ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን ደግሞ ከፍታው ሊጠፋ ይችላል።

በዐፋርኛም ከፍታ ጾታን ይጠቁማል። ፓርከርና ሄይዋርድ በ1985 ባሳተሙት መዝገበ ቃላት ከሚገኘው ሰዋስዋዊ መግለጫ እንደሚታየው፣ ከፍታ ባለው አናባቢ የሚያልቁ ስሞች በአብዛኛው አንስት ናቸው፤ «ሐቶ» (ርዳታ) እና «ከርማ» (መጸው) የዚህ ምሳሌ ናቸው። በተነባቢ የሚያልቁት፣ ለምሳሌ «ጊላል» (ክረምት)፣ እንዲሁም ከፍታ በሌለው አናባቢ የሚያልቁት፣ ለምሳሌ «ታሙ» (ጣዕም)፣ ተባዕት ናቸው። እንደ «አባ» (አባት) ያሉት ተፈጥሯዊ ጾታቸው የሚገዛቸው ስሞች ከዚህ ያፈነግጣሉ። ግሬቪል ኮርቤት በ1991 ስለ ጾታ በጻፈው መጽሐፍ ዐፋርኛን በድምፅ ላይ ለተመሠረተ የጾታ ሥርዓት ዐይነተኛ ምሳሌ አድርጎ የወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን አንድ የአውሮፓ የሕፃናት መዝሙር ወደዚህ ይምጣ። በአውሮፓ ሕፃናት ዘፈኖችና ጥሪዎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የዜማ እርምጃ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ባለሁለት ድምፅ ጥሪ ነው። ባለሁለት ቀለም ስም በዚህ እርምጃ ሲዘመር የመጀመሪያው ቀለም ከፍ፣ ሁለተኛው ዝቅ ይላል። «ኢናን» በዚህ ዜማ ከተዘመረ ካርዱ ላይ ያለችው ልጃገረድ ብትሆንም ጆሮ የሚሰማው «ወንድ ልጅ» ነው። «ከርማ» ከተዘመረ ከፍታው ከመጨረሻው አናባቢ ሸሽቶ ስሙ የአንስትነት ምልክቱን ያጣል። መዝሙሩ በሙሉ በዚህ እርምጃ የተሠራ ከሆነ ስሞች ሁሉ የተባዕት መልክ ይይዛሉ። ችግሩ ከቅኝት ጋር የተያያዘ አይደለም፤ በአምስት ድምፅ ቅኝትም ሆነ በሰባት ድምፅ ሊደርስ ይችላል። ወሳኙ የዜማው አቅጣጫ ነው።

ለዚህ ሒስ የሚቀርብ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ሶማሌዎች ዘወትር ይዘፍናሉ፣ ይግባባሉም። ከፍታ ትርጉም በሚለይባቸው ቋንቋዎች ሁሉ ዜማና የቃል ከፍታ ሙሉ በሙሉ አይገጥሙም። በካንቶንኛ ዘፈን ግጥጥሙ ጥብቅ ነው፤ በሌሎች ብዙ ቋንቋዎች ይላላል፤ አድማጭም ከዐውዱ ያርመዋል። በሶማሊኛ ደግሞ ጾታው በከፍታ ብቻ ሳይሆን በውሱንነት ቅጥያ ይታያል፤ ጉበቱ «ቤርካ»፣ እርሻው «ቤርታ» ነው።

መከራከሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው ለአዋቂ ነው። አዋቂው የተጣመመውን ስም የሚያቃናው ስሙን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ሕፃኑ ግን ስሙን እየተማረ ያለው ከዚያው መዝሙር ነው፤ የሚያቃናበት ሌላ ምንጭ የለውም። በሥዕል ካርድ መዝሙር ደግሞ ዐውዱ ሆን ተብሎ ተቀንሷል፤ አንድ ሥዕል፣ አንድ ስም፣ አብዛኛውንም ጊዜ ያለ ቅጥያ። አዋቂን የሚያድኑት ሁለቱ መደገፊያዎች፣ ዐውድና ቅጥያ፣ ለሕፃኑ በተዘጋጀው ትምህርት ውስጥ ተነሥተዋል። ለመርዳት ሲባል የቀለለው ነገር ከባድ የሚሆነው እንዲህ ነው።

4. ርዝመትና የስሙ ቦታ

ከከፍታ ቀጥሎ የሚመጣው ርዝመት ነው። በሶማሊኛ «በድ» በአጭር አናባቢ ባሕር ነው፤ «ባድ» በረጅም አናባቢ ግጦሽ ነው። የዜማ ስንኝ መጨረሻ ድምፅን ይጎትታል። ባሕርን የሚያስተምር መዝሙር ስሙን በስንኙ መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ቢጎትተው፣ በባሕር ዳር ከተማ የሚያድግ ልጅ የባሕርን ሥዕል እያየ የግጦሽን ስም ሊሰማ ይችላል።

ይህ ጉዳይ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ይነካል። በጅቡቲ ከተማ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች አሉ፤ ቋንቋቸውም በከፍታ ባይሆን በጥብቀት ቃል ይለያል። «ሽፍታ» ሳይጠብቅ ወንበዴ፣ ሲጠብቅ በቆዳ ላይ የሚወጣው ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ የሚደረገው፣ ሲጠብቅ ዐቢይ የሆነው ነው። ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም፤ የሶማሊኛና የዐፋርኛ የዕለት ተዕለት የላቲን ጽሕፈትም ከፍታን አይጽፍም። በ1972 ለሶማሊኛ የታወጀው ጽሕፈትም ሆነ በ1970ዎቹ ዲሚስና ሬዶ ለዐፋርኛ ያዘጋጁት «ዐፋር ፌራ» ለአዋቂ አንባቢ በቂ ናቸው። ለመዝሙር ጸሐፊ ግን የሚጎድለው ነገር አለ፤ ግጥሙን ከወረቀት ላይ አንሥቶ ዜማ የሚያለብሰው ሰው ስለ ከፍታው ምንም ምልክት አያገኝም። ጽሕፈት የደበቀውን ዜማ መግለጥ ሲገባው ሁለቱም ተባብረው ይሸፍኑታል።

ሦስተኛው ጉዳይ ስሙ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ቦታ ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ የስያሜ ዐረፍተ ነገር ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ መጨረሻው ደግሞ በዜማ ረጅሙና ጎልቶ የሚሰማው ቦታ ነው። መዝሙሩ ስሙን ያለ ጥረት ያጎላዋል። በአማርኛ ግን «ቤት ነው» ይባላል፤ ጉልሁን ቦታ የሚይዘው «ነው» ነው። በዐፋርኛም «ኪኒ» ስሙን ተከትሎ ይመጣል። እንዲህ ያለ መዝሙር በቀጥታ ሲተረጎም ልጁ በየስንኙ መጨረሻ ደጋግሞ የሚሰማው ስሙን ሳይሆን ነባር አንቀጹን ነው። አሥር ካርድ ቢታይ አሥር ጊዜ «ነው» ጎልቷል፤ እያንዳንዱ ስም ግን አንድ ጊዜ በመሐል አልፏል። ሶማሊኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። «ዋ ጉሪ» (ቤት ነው) ሲባል «ዋ» ቀድሞ ስሙ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ በሦስት ጎረቤት ቋንቋዎች አንድ መዝሙር ተተርጉሞ በእኩል ይሠራል ብሎ ማሰብ ከሰዋስዋቸው ጋር አይስማማም።

5. የፈረንሳይኛው መዝሙር

በ1992 የጸደቀው የጅቡቲ ሕገ መንግሥት ዐረብኛንና ፈረንሳይኛን ይፋዊ ቋንቋዎች አድርጓል። በ2000 የወጣው የትምህርት ሥርዓት መሪ ሕግ ትምህርት በይፋዊውም በብሔራዊውም ቋንቋዎች እንደሚሰጥ ቢደነግግም፣ የመደበኛው ትምህርት ቤት ዋና ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ የሥዕል ካርዱ መዝሙር ፈረንሳይኛ ሆኖ መምጣቱ አያስገርምም። ፈረንሳይኛ በከፍታ ቃል አይለይም፤ ከላይ የተነሣው ችግር የለበትም። የራሱ ሁለት ችግሮች ግን አሉት።

የመጀመሪያው በንግግር የማይሰማው የመጨረሻ አናባቢ በመዝሙር መሰማቱ ነው። ጨረቃ በንግግር «ሉን» ናት፤ በመዝሙር «ሉ-ነ» ትሆናለች። ቋንቋውን በቤቱ የሚሰማ ልጅ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያውቃል። ፈረንሳይኛን በመዝሙር ብቻ የሚገናኘው ልጅ ግን ባለሁለት ቀለም ስም ይማራል፤ መምህርቷ በንግግር «ሉን» ስትለው ያልሰማውን ቃል ሰማ።

ሁለተኛው የቃል ድንበር ነው። በፈረንሳይኛ ከስሙ በፊት ያለው ቃል የመጨረሻ ተነባቢ ወደ ስሙ መነሻ ይሻገራል። በፈረንሳይ የሚያድጉ ሕፃናት እንኳ ዝሆንን «ኔሌፋን» ወይም «ዜሌፋን» የሚሉበት ዕድሜ አላቸው፤ ዣን ፒየር ሸቭሮና ባልደረቦቹ ይህን በስፋት አጥንተዋል። ዜማ ቀለምን ከቀለም ስለሚያያይዝ ድንበሩን የበለጠ ይሸፍነዋል። ቃልን ከቃል መለየት ዋናው ድክመቱ ለሆነ ልጅ ይህ እርዳታ አይደለም።

6. የትኛው ልጅ?

«የተለያየ የመማር ፍላጎት» የሚለው አነጋገር ብዙ ዐይነት ልጆችን በአንድ ጥላ ሥር ያስቀምጣል። ለሥነ ልሳን ግን ልዩነታቸው ወሳኝ ነው፤ ዜማ ከምት፣ ከከፍታና ከቃል የተሠራ በመሆኑ እያንዳንዱ ልጅ የሚያገኘው የተለየ ክፍሉን ነው።

የቋንቋ ዕድገት መታወክና የንባብ ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ የተሠሩት ጥናቶች የሚያተኩሩት በምት ላይ ነው። ኡሻ ጎስዋሚ የንባብን ችግር ከንግግር ምት አሰማም ጋር አያይዛዋለች። በ2013 ፕርዚቢልስኪና ባልደረቦቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጆች መደበኛ ምት ካለው ሙዚቃ በኋላ የዐረፍተ ነገርን ትክክለኛነት ምቱ ካልተስተካከለው በኋላ ይልቅ በተሻለ እንደሚለዩ አሳይተዋል። ለነዚህ ልጆች ጥቅሙ ከዜማው ይልቅ ከምቱ የሚመጣ ከሆነ ስሙን ሳይዘምሩ ከበሮ እየመቱ መናገር ይበቃል፤ የስሙም ከፍታ ሳይነካ ይቀራል።

መስማት የሚቸግረው ልጅ ሁኔታ የበለጠ ግልጽ ነው። በቀዶ ሕክምና የሚተከለው የመስሚያ መሣሪያ ምትን በሚገባ፣ ከፍታን ግን በደካማ ሁኔታ ያስተላልፋል። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ልጅ ይህ ማለት ዜማው አይጥመውም ማለት ነው። ለሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ ግን ወንድ ልጅን ከልጃገረድ፣ አንዱን በሬ ከብዙዎቹ የሚለየው ምልክት ራሱ ይደበዝዛል ማለት ነው። ለዚህ ልጅ ስም ያለ ውሱንነት ቅጥያ መቅረብ የለበትም፤ ከፍታ ያልነገረውን ቅጥያው ይነግረዋልና።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ደግሞ ዜማንና ቃልን እንደ አንድ ያልተከፈለ ነገር ሊይዝ ይችላል። ስሙን በዜማው ውስጥ ያውቀዋል፤ ከዜማው ሲወጣ ያጣዋል። የካርዶቹ ቅደም ተከተል በመዝሙሩ የተወሰነ ከሆነም ልጁ የሚለየው ስሙን ሳይሆን ተራውን ሊሆን ይችላል፤ ከድመቷ በኋላ ሁልጊዜ ቤቱ ከመጣ ቤት ማለት «ከድመት ቀጥሎ የሚነሣው» ነው። ሁለት ካርድ ብቻ ሲቀርብ በግምት እንኳ ከሁለት አንዱ ትክክል ይሆናል። ተራውን ሳይቀያይር፣ ካርዱን ሳያበዛና ያለ ዜማ ሳይጠይቅ ልጁ ስም ተማረ የሚል መምህር የመዘነው ነገር ሌላ ነው።

7. ዳኝነቱ

ይህ ሁሉ የባለሙያ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሥዕል ካርዱ መዝሙር ማስተማሪያ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሳይታወቅ መመዘኛ ይሆናል። በባልባላ የምትኖር፣ በቤቷ ሶማሊኛ የምትናገር አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እናስብ። የዜማው ከፍታ የተገለበጠበትን «ኢናን» ሰምታ የወንድ ልጁን ሥዕል አነሣች። በሚዛኑ ወረቀት ላይ ስሕተት ተብሎ ይመዘገባል። ጆሮዋ ግን የቋንቋዋን ሰዋስው በትክክል ታዝዟል። የተሳሳተው መዝሙሩ ነው። ስሕተቱ ሲደጋገም «ስሞችን መለየት ይቸግራታል» የሚል ቃል ከስሟ ጋር ይጻፋል፤ ያም ቃል ወደሚቀጥለው ክፍል አብሯት ይሄዳል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። በእውነት የቋንቋ እክል ያለበት ልጅ የመዝሙሩን ተራ በቃሉ ይዞ ካርዶቹን ሁሉ በትክክል ያነሣል። «ተሻሽሏል» ይባላል፤ የሚያስፈልገውም እርዳታ ይዘገያል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል አማርኛ፤ እዚህ ፍርዱም አያያዙም በአንድ መሣሪያ ላይ ወድቀዋል። የመጀመሪያዋ ልጅ የሌለባትን እክል ተሸከመች፤ ሁለተኛው ያለበት እክል ተሸፈነለት። ሁለቱም በዚያው በአንድ መዝሙር፣ በዚያው በአንድ ክፍል ውስጥ ሊደርሱ ይችላሉ። የሥነ ልሳን ባለሙያ በዚህ ጉዳይ ድምፅ የሚኖረው ስለዚህ ነው፤ ስሕተቱ ከልጁ ይሁን ከመሣሪያው ለመለየት የቋንቋውን ድምፅ ማወቅ ያስፈልጋል።

8. ከቋንቋው የሚነሣ መዝሙር

መፍትሔው መዝሙርን መተው አይደለም። ከቋንቋው የሚነሣ መዝሙር መሥራት ይቻላል፤ ለዚህም በአካባቢው አብነት አለ። ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች «ጆይ» የተባለውን ማዕከል ስትመሠርትና «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለውን ዘዴ ስትቀርጽ የተነሣችው ከውጭ ከመጣ የድምፅ ሰንጠረዥ ሳይሆን ከአማርኛ ድምፆችና ከፊደሉ አደረጃጀት ነው። ዘዴው ስለ ዜማ ባይሆንም መርሑ እዚህ ይሠራል፤ ልጁን የሚረዳው መሣሪያ ልጁ ከሚሰማው ቋንቋ አካል መቀረጽ አለበት።

ሶማሊኛ ለዚህ ሰፊ ሀብት አለው። መሐመድ ሐሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) በ1976 የሶማሊኛ ግጥም ልኬት በአናባቢዎች አጭርነትና ረጅምነት ላይ እንደቆመ ሲያስረዳ፣ ቋንቋው ራሱ ርዝመትን የሚጠብቅ የምት ሥርዓት እንዳለው ግልጽ ሆነ። በዚህ ልኬት የተሠራ የሕፃናት መዝሙር «በድ»ን ወደ «ባድ» አይጎትትም። በጅቡቲ ራዲዮና ቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት የሚገኙት የሶማሊኛና የዐፋርኛ ቅጂዎች፣ እንዲሁም ከብት ሲጠጣና ምንጣፍ ሲሠራ የሚዘፈኑት የሥራ ዘፈኖች ቃልና ዜማ በአንደበት እንዴት እንደተስማሙ ለመመርመር ሁነኛ ምንጭ ናቸው።

ሀብቱ ግን ሳይመረመር አይወሰድም። የሶማሊኛ ግጥም አንዱን መነሻ ድምፅ ከስንኝ ስንኝ ይደጋግማል። «ጉሪ» (ቤት)፣ «ጌል» (ግመሎች)፣ «ጋዓን» (እጅ)፣ «ጋባድ» (ልጃገረድ) በአንድ መዝሙር መሰለፋቸው ለጆሮ ያምራል፤ የመነሻውን ድምፅ ለማስተዋልም ይረዳል። ነገር ግን በድምፅ የሚመሳሰሉ አዳዲስ ስሞችን በአንድ ጊዜ መማር፣ ቃልን በድምፁ መያዝ ለሚቸግረው ልጅ መደናገሪያ ነው። ውበት ለሚያውቅ የተሠራ ነው፤ ለጀማሪ መነሻ ድምፆቹን ማራራቅ ይሻላል።

እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ ለመዝሙር አዘጋጅና ለመምህር የሚጠቅሙ አምስት መለኪያዎች ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ስም በተራ ንግግር ተቀድቶ ከፍታው ከዜማው አቅጣጫ ጋር ይነጻጸር፤ ቃሉ ሲወጣ ዜማው የሚወርድ ከሆነ ዜማው ይለወጥ። ሁለተኛ፣ አጭር አናባቢ በረጅም የዜማ ድምፅ ላይ አይውደቅ። ሦስተኛ፣ ስሙ በየቋንቋው ጉልህ በሆነው ቦታ ይቀመጥ፤ በአማርኛና በዐፋርኛ አውጪው ጠይቆ ተቀባዩ ስሙን ብቻ የሚመልስበት አዘማመር «ነው» የያዘውን ቦታ ለስሙ ያስመልሳል። አራተኛ፣ ስሙ በባዶውም ከውሱንነት ቅጥያው ጋርም ይሰማ፤ በሶማሊኛ «ጉሪ» ከ«ጉሪጋ» ጋር፣ «ጋዓን» ከ«ጋዓንታ» ጋር። አምስተኛ፣ ምዘናው ከመዝሙሩ ይለይ፤ ስሙ በንግግር፣ በተቀያየረ ተራ፣ ከሁለት በላይ በሆኑ ካርዶችና ልጁ ባላየው ሌላ ሥዕል ይጠየቅ።

ከነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያው ቋንቋውን አፍ የፈታበት ሰውና የድምፅ መቅጃ፣ የመጨረሻው ጥቂት ተጨማሪ ካርዶችና ትዕግሥት ይሻል። አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። መዝሙሩን የሚያዘጋጀው ሰው የልጆቹን ቋንቋ የማያውቅ ከሆነ ቋንቋውን ከሚያውቀው ረዳት መምህር ጋር እኩል ተቀምጦ መሥራት ይኖርበታል። ዛሬ በብዙ ቦታ ረዳቷ ልጆቹን የምታረጋጋ እንጂ ስለ ቋንቋቸው የምትጠየቅ አይደለችም። የ«ኢናን» ከፍታ የት እንደሚውል ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ሳይማር የሚያውቀው ሰው ቢኖር እርሷ ናት።